ቅንጦቱ ካረጀ በኋላ የሚቀረው

ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው መኪና ማንንም አያስቀናም። ሰፈር ውስጥ ቢቆም ጎረቤት አያወራበትም፤ ሆቴል በር ላይ ቢደርስ ጥበቃው ሮጦ በር አይከፍትለትም። የአዲስ ዕቃ ሽታው ጠፍቷል፣ ዋስትናው ካበቃ ሰንብቷል፣ ዛሬ ከርካሽ መኪና ላይ እንኳ የማይጠፋው የኋላ ካሜራ እሱ ላይ የለም። ሆኖም በጀርመን፣ በአሜሪካ፣ በጃፓን፣ በመካከለኛው ምሥራቅ ለእንዲህ ዓይነቱ አንድ መኪና ቅዳሜና እሑዳቸውን የሚሰጡ፣ የመለዋወጫውን ቁጥር እንደ ልጆቻቸው የልደት ቀን በቃላቸው የያዙ ሰዎች አሉ። መኪናው መርሴዲስ ቤንዝ ነው። መርሴዲስ ሁሉ ግን አይደለም። በኩባንያው የውስጥ መጠሪያ ደብሊው 124 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ይሄ ነው። አንድ ሰው ከዚህ የበለጠ ፈጣን፣ የበለጠ ቆጣቢ፣ የበለጠ ምቹ መኪና መግዛት እየቻለ ከአንድ አሮጌ ሞዴል ጋር የሚቆርበው ለምንድን ነው? ብዙዎቻችን መልሱን ቶሎ እንሰጣለን። «ጉራ ነው» እንላለን፤ ወይም «ገንዘብ ሲተርፍ የሚመጣ በሽታ ነው»። ነገሩን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን ሌላ መልስ ያገኛል ባይ ነኝ። መልሱ ዕቃ የሚሠሩልን ሰዎች ከሚገቡልን ቃል ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ በኤሌክትሪክ መኪና ዘመን በር ላይ የቆምነውን ኢትዮጵያውያንንም ይመለከታል። ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

▪️ጉራው ካለቀበት የሚጀምር ፍቅር

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቶርስታይን ቬብለን በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ባለጸጋ ሰው ውድ ዕቃ የሚገዛው ለጥቅሙ ብቻ ሳይሆን መግዛት መቻሉ እንዲታይለት ጭምር እንደሆነ አስረድቷል። ይህ ሐሳብ የመጀመሪያውን ገዢ በደንብ ይገልጸዋል። በ1988 ስቱትጋርት ውስጥ አዲስ መርሴዲስ ከመሸጫው ይዞ የወጣ ሐኪም ወይም ነጋዴ፣ ጎረቤት እንዲያይለት ፈልጎ ሊሆን ይችላል። ያስኬዳል።

ሦስተኛውንና አምስተኛውን ባለቤት ግን ቬብለን አይገልጻቸውም። እነሱ መኪናውን ያገኙት ክብሩ ረግፎ፣ ዋጋው ወርዶ፣ ወንበሩ የሌላ ሰው ቅርጽ ይዞ ነው። ለመታየት ቢፈልጉ ኖሮ በዚያው ገንዘብ ቅድሚያ ከፍለው በዱቤ አዲስ የሚያብለጨልጭ ነገር ይወስዱ ነበር። እነሱ ግን አሮጌውን መርጠው ለጎማው፣ ለፍሬኑ፣ ለካምቢዮው ይከፍላሉ። እንግዲህ እውነተኛው ፍቅር የሚጀምረው ጉራው ካለቀበት ቦታ ነው ማለት ነው።

ብርቅነትም አያስረዳውም። ከዚህ መኪና ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። በጀርመን ከተሞች በየመንገዱ ሞልቶ የታየ፣ ዝናብ ላይ ተሳፋሪ የጠበቀ መኪና ነው። ሰው የሚሳሳለት ስላልበዛ ነው እንዳንል በዝቷል።

▪️መኪናው ላይ ምን አለ?

ዝርዝሩን ልንገራችሁ፤ ክርክሬ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና።

አንደኛ፣ የፊት መስታወቱን የሚጠርገው አንድ መጥረጊያ ብቻ ነው። ይህ አንድ ክንድ እንደ ሌሎቹ ዝም ብሎ ግማሽ ክብ አይሠራም። ወደ መስታወቱ የላይኛው ማዕዘን ሲቃረብ ይረዝማል፤ መሃል ላይ ሲደርስ ያጥራል። በዚህም ከመስታወቱ 86 በመቶውን ያጸዳል። ሁለት ተራ መጥረጊያ ማድረግ ይቀል ነበር፤ መሐንዲሶቹ ግን ሾፌሩ በዝናብ ከሚያየው ነገር ተነስተው አሰቡ።

ሁለተኛ፣ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ወንበር ባላቸው ላይ፣ የወንበሩ ማስተካከያ በሩ ላይ ነው ያለው፤ ቅርጹም ራሱ ትንሽ ወንበር ነው። መቀመጫው ወደፊት እንዲሄድ ከፈለጋችሁ የትንሿን ወንበር መቀመጫ ወደፊት መግፋት ነው። መደገፊያው እንዲተኛ ከፈለጋችሁ የሷን መደገፊያ ማስተኛት ነው። መመሪያ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ማንበብ የማይችል ሰውም ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ በአምስት ዘንግ ተይዟል። ይህን አሠራር ኩባንያው ቀደም ብሎ በትንሹ 190 ሞዴል ላይ አውጥቶት ነበር። ጎማው ጉድጓድ ሲገባና መኪናው ሲታጠፍ ከአስፋልቱ ጋር ያለውን ልክ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ተሳፋሪው ይህን አያየውም፤ ረጅም መንገድ ሄዶ ሳይደክመው ሲወርድ ብቻ ያውቀዋል።

አራተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ኮፈኑ ነው። በተለመደው ከፍታ ተከፍቶ ይቆማል፤ ከዚያ መያዣው ሲለቀቅ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ፣ 90 ዲግሪ ድረስ ይወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሥሩ የሚሠራው መካኒክ ጭንቅላቱን እንዳይመታ፣ ብርሃን እንዳይከለለው፣ ሞተሩን ለማውጣት ሲፈልግ እንዳይቸገር ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው መኪናውን የሚገዛ ደንበኛ አይደለም። ምናልባት መኪናው ከተሸጠ ከ20 ዓመት በኋላ በሌላ አገር የሚያገኘው ሰው ነው። አንድ ፋብሪካ ገንዘብ ለማይከፍለው፣ ገና ጋራዥ ላልገባ ልጅ አስቦ ብረት ቀርጿል።

▪️ታላቁን የማያሳፍር ታናሽ

የዚያን ዘመን መርሴዲስ ቅርጽ የመራው ብሩኖ ሳኮ ነው። ጣሊያን አገር ኡዲኔ በ1933 ተወልዶ በ2024 ያረፈ ሰው ነው፤ ከ1975 እስከ 1999 የኩባንያው ዲዛይን ኃላፊ ነበር። ሳኮ ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ በአንድ ዘመን የሚሠሩት ትንሹም ትልቁም መርሴዲስ አንድ ቤተሰብ መምሰል አለባቸው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አዲስ ሞዴል ሲወጣ ከሱ በፊት የነበረውን ያረጀ ማስመሰል የለበትም የሚል ነው።

ይህ ሁለተኛው ሕግ ከንግድ አንጻር ሲታይ እብደት ይመስላል። የዛሬ ስልክ አምራቾች የሚኖሩት አምና የገዛነውን እንድናፍርበት በማድረግ ነው። ሳኮ ግን ታናሽ ወንድም ታላቁን እንዳያሳፍር ተጠነቀቀ። አሮጌውን የያዘው ሰው አዲሱ ሲመጣ እንደተከዳ አይሰማውም። ዛሬም ደብሊው 124 መንገድ ላይ ሲያልፍ «አሮጌ መኪና» ከማለታችን በፊት «መርሴዲስ» የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ነገር አለ። አንዱ አካል ለሁሉም ሆነ። ከታች 72 የፈረስ ጉልበት ያለው ናፍጣ 200 ዲ ነበረ፤ ቀስ እያለ የሚሄድ፣ የጀርመን ታክሲ ነጂዎች ክሬም ቀለም ቀብተው የሠሩበት። ከላይ ደግሞ በ1990 የወጣው 500 ኢ ነበረ፤ ባለ 5 ሊትር ስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ 326 የፈረስ ጉልበት። ይህኛው ጎኑ ስለሰፋ በመርሴዲስ የመገጣጠሚያ መስመር ላይ ማለፍ አልቻለም። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ሥራ ቀዝቅዞበት የነበረው ፖርሽ ተጠራ። አካሉ ከሲንደልፊንገን ወደ ፖርሽ ፋብሪካ፣ ለቀለም ተመልሶ ወደ ሲንደልፊንገን፣ ለመገጣጠም እንደገና ወደ ፖርሽ እየተመላለሰ አንዱን መኪና ለመጨረስ 18 ቀን ይፈጅ ነበር። የተሠራው 10,479 ብቻ ነው።

የታክሲ ነጂውና የባንክ ሥራ አስኪያጁ መኪና ግን ከሩቅ ሲታይ አንድ ነው። ከጀርመን ጎዳና ጡረታ የወጡት ታክሲዎች በሰሜን አፍሪካ፣ በባልካንና በመካከለኛው ምሥራቅ ሁለተኛና ሦስተኛ ዕድሜ ኖሩ። ቅንጦት የተባለው ነገር ቤተሰብ ሲያስተዳድር፣ ልጅ ሲያስተምር ታየ። የመኪናውን ስም ያቆመው ይህ ነው። ማስታወቂያ ሊገዛው የማይችል ምስክርነት ነው።

▪️የለፋ እጅ ይወዳል

ሦስት ተመራማሪዎች፣ ማይክል ኖርተን፣ ዳንኤል ሞቾንና ዳን አሪየሊ፣ በ2012 የታተመ ጥናት ሠርተው ነበር። ሰዎች ራሳቸው የገጣጠሙትን ዕቃ፣ ሥራው ያን ያህል ባያምርም እንኳ፣ ከሌላ ሰው ሥራ አብልጠው ዋጋ እንደሚሰጡት አሳዩ። በተበታተነ የቤት ዕቃ በሚታወቀው የስዊድን መደብር ስም «የአይኪያ ውጤት» አሉት። ሥራው ሲሳካ ልፋት ፍቅርን ይወልዳል ማለታቸው ነው።

ደብሊው 124ም ልፋት አላጣም። እንከን የለሽ ነው የሚል ካለ ባለቤት ሆኖ አያውቅም። በ1990ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ በተሠሩት ላይ የሞተሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን በሙቀት እየደረቀ ይፈረካከሳል፤ ሽቦ ከሽቦ ይነካካና ሞተሩ ያብዳል። የስድስት ሲሊንደሮቹ የሞተር ራስ ጋስኬት ዘይት ያፈሳል። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ላሜራ ከቀደሙት ይልቅ ለዝገት የተጋለጠ ነው። አፍቃሪዎቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። የሚገዙትን መኪና ዓመተ ምሕረት የሚጠይቁትም ለዚህ ነው።

ታዲያ ጉድለቱ ፍቅሩን ያልገደለው እንዴት ነው? ጉድለቱ ሊታወቅና ሊጠገን የሚችል ስለሆነ ነው። ሽቦው ይለወጣል። ጋስኬቱ ይለወጣል። አንድ ተራ ሰው መጽሐፍ ገዝቶ፣ ከሚያውቅ ሰው ጠይቆ፣ ሁለት ቅዳሜ ወስዶ ይጨርሰዋል። ሲጨርስ መኪናውን ብቻ አላዳነም፤ አንድ እውቀት ይዟል። ያንን እውቀት ለሌላው ያስተላልፋል። ማኅበር የሚፈጠረውም እንዲህ ነው። ሰዎቹን የሚያገናኛቸው አንድ ዓይነት ቁልፍ ጨብጠው አንድ ዓይነት ብሎን ላይ መላባቸው ነው። በጀርመን 30 ዓመት የሞላውና ይዞታው በደንብ የተጠበቀ መኪና ታርጋው ላይ «ኤች» የሚል ፊደል ይሰጠዋል፤ ቅርስ ነው ማለት ነው። ብዙ ደብሊው 124 ዛሬ ይህን ፊደል ይዞ ይሄዳል። ፊደሉን ያገኘው በሦስተኛው ባለቤት እጅ ነው።

▪️ወርቅ ላበደረ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ሞዴል እንዲህ የተለየው ከሱ በኋላ የመጣው ነገር ስለተለየ ጭምር ነው።

በ1989 ቶዮታ ሌክሰስ ኤልኤስ 400ን ወደ አሜሪካ ገበያ አመጣ። ጸጥ ያለ፣ በጥንቃቄ የተሠራ፣ ዋጋው ወደ 35,000 ዶላር፤ ከጀርመኖቹ ትልልቅ መኪኖች በብዙ ያነሰ። ጀርመኖች ደነገጡ። እስከዚያ ድረስ የመርሴዲስ ልማድ መሐንዲሱ መኪናውን እንደሚገባው ይሥራ፣ ዋጋው በኋላ ይወጣል የሚል ነበር። በ1990ዎቹ ግን ሥርዓቱ ተገለበጠ። መጀመሪያ ገበያው የሚከፍለው ዋጋ ይተመናል፣ መሐንዲሱ በዚያ ውስጥ ይሠራል ተባለ።

ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ድርጅት መክሰር የለበትም። ውጤቱ ግን ታየ። በ1995 የደብሊው 124 ወራሽ የሆነው ደብሊው 210 ሲመጣ፣ ፊቱ አዲስ፣ ዕቃው ብዙ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በዝገት ስሙ ጠፋ። ደንበኛው የከፈለው ያው የመርሴዲስ ዋጋ ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሆነበት።

የአፍቃሪዎቹ ታማኝነት እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። አንድን ሞዴል መርጦ መቆም ፍርድ መስጠት ነው። «ይህን ስትሠሩ ቃላችሁን ጠብቃችኋል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን እናያለን» ማለት ነው። ጉዳዩ የኮከቡ ዓርማ እንዳልሆነ የሚታወቀው በሌክሰሱ ነው። መርሴዲስን ያስደነገጠው ያ ኤልኤስ 400 ራሱ ዛሬ የራሱ ታማኞች አሉት፤ ምክንያታቸውን ብትጠይቋቸው ተመሳሳይ ነው። ዓርማው ይለያያል፣ የሚወደደው ነገር አንድ ነው፤ ዕቃውን የሠራው ሰው እኔ ሳላየው ደክሞልኛል የሚል እምነት።

▪️የተቃዋሚዎቹ ክርክር

ተቃዋሚዎች የሚሉትንም እንስማ፤ ባዶ ክርክር አይደለም።

«ይሄ ትዝታ ነው፤ የተረፉትን ብቻ አይታችሁ ሁሉም ጠንካራ ነበሩ ትላላችሁ» ይላሉ። እውነት አለው። የተሰባበሩት ቀልጠው ሌላ ብረት ሆነዋል፤ የምናየው የተረፉትን ነው። ነገር ግን ከአንድ ዘመን መኪኖች መሃል የትኞቹ በብዛት እንደተረፉ፣ በማን እጅና በምን ሥራ ላይ እንደተረፉ ማየት ይቻላል። ታክሲ ሆኖ ሠርቶ የተረፈ መኪና ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ ከተረፈ ጋር አንድ አይደለም።

«የዛሬ መኪና ሕይወት ያድናል» ይላሉ። ይህንን መቀበል ግድ ነው። ደብሊው 124 በዘመኑ ደኅንነቱ የተመሰገነ ቢሆንም፣ የዛሬን የአየር ከረጢቶች ብዛት፣ መኪና ሲንሸራተት የሚያርመውን ሥርዓት፣ ራሱን የሚያቆመውን ፍሬን አልያዘም። የድሮ ናፍጣ ጭስም ለከተማ ሳንባ አይበጅም። ሁላችንም ወደ 1988 እንመለስ የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከራሳቸው ከአፍቃሪዎቹ ቤት የሚወጣ ነው፤ እኔንም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። 500 ኢ ዛሬ የሰብሳቢዎች ንብረት ሆኗል። ዋጋው ሲወጣ ሳይነዳው ሊያስቀምጠው የሚገዛ ሰው መጣ። መኪናው እንደ ወርቅ ካዝና ገባ። ያን ጊዜ ቬብለን በኋላ በር ይመለሳል። ጉራው ካለቀ በኋላ የጀመረው ፍቅር መልሶ ጉራ ይሆናል። መፍትሔው አንድ ነው፤ መኪናው ይነዳ።

▪️እኛ ከዚህ ምን እንውሰድ?

በኅዳር 2022 መርሴዲስ በአሜሪካ ለኤሌክትሪክ መኪኖቹ አንድ አገልግሎት አስተዋወቀ። ያን ጊዜ በዓመት 1,200 ዶላር የሚከፍል ባለቤት መኪናው በፍጥነት እንዲነሳ ይደረግለት ነበር። ሞተሩ ያው ነው፣ መኪናው ያው ነው፤ የሚለወጠው ሶፍትዌሩ ነው። ቢኤምደብሊውም በዚያው ዓመት በአንዳንድ አገሮች ለወንበር ማሞቂያ ወርኃዊ ክፍያ ጠይቆ፣ ሰው ተቆጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ተወው። ኮፈኑን ለማያውቀው መካኒክ ቀጥ አድርጎ የከፈተ ኩባንያ፣ ዛሬ ባለቤቱ በገዛው ዕቃ ላይ ቁልፍ ይዞበታል። ሦስተኛው ባለቤት ያን መኪና ሲያገኘው ምን ያገኛል? ሶፍትዌሩን ማን ይከፍትለታል?

ይህ የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥታችን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን በዝቷል። ዓላማውን አልቃወምም፤ ለነዳጅ የምናወጣውን ዶላርና የከተማውን ጭስ ማንም ያውቀዋል። ነገር ግን እኛ መኪናን በሦስትና በአምስት ዓመት የምንቀይር ሕዝብ አይደለንም። እዚህ መኪና እንደ ቤት ነው፤ ሠላሳና አርባ ዓመት ይኖራል፣ ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ እንደገና ይሸጣል። የመኪናችንን ዕድሜ ያረዘመው የሶማሌ ተራ መለዋወጫና በየሰፈሩ ያለው መካኒክ ነው። እዚህ አገር አብዛኛው ሰው ገና ሲጀምር ሦስተኛ ባለቤት ነው።

ስለዚህ የሚገቡልንን መኪኖች ስንቀበል መጠየቅ ያለብን ጥያቄ ቻርጅ ሲሞላ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚለው ብቻ አይደለም። ባትሪው ሲደክም ክፍል ክፍሉ ተለይቶ ይጠገናል ወይስ መኪናው ይጣላል? የመመርመሪያው ሶፍትዌር ለሰፈሩ ጋራዥ ይከፈታል ወይስ አስመጪው ብቻ ይይዘዋል? መለዋወጫው ከስንት ዓመት በኋላ ይገኛል? ፋብሪካው ቢዘጋ ስክሪኑ ይሠራል? በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ሕዝብ በ2012ና በ2020 ድምፅ ሰጥቶ፣ አምራቾች የጥገና መረጃቸውን ለባለቤቱና ለግል ጋራዦች እንዲከፍቱ የሚያስገድድ ሕግ አጽድቋል። እኛም መኪናውን በብዛት እያስገባን ሳለ እንዲህ ያለ ግዴታ ከአሁኑ ብንጽፍ ይሻላል። መኪኖቹ ካረጁ በኋላ የሚጻፍ ሕግ ለቁራሌው ካልሆነ ለማን ይጠቅማል?

የደብሊው 124 አፍቃሪዎችን እንደ ዕብድ የምናይ ከሆነ ትምህርታቸው ያመልጠናል። እነዚህ ሰዎች ያለ ደመወዝ አንድ መዝገብ ይዘዋል። የትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ዓመት፣ ከዋስትናው ወረቀት ውጭ ለቀረው ሰው አስቦ እንደሠራ የሚናገር መዝገብ ነው። ቅንጦት ሲሸጥ ሁሉም ያምራል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመዝነው በዘይት የተነከረ እጅ ነው፤ እኛም ለመኪና ዋጋ ስንከፍል ያ እጅ የሚለውን ብንጠይቅ አናፍርም።